ለስዕል ዲግሪ አራት ዓመትና የቤተሰብ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ክርክር

የሳላይሽ አጎት፦
ሰላም ለሁላችሁ ወገኖቼ። አንድ ጉዳይ ቤታችንን ለሁለት ከፍሎታል፤ እናንተም ተከራከሩበት። የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው የተማረችው። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋለች። ማለፉ ራሱ ቀላል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ585 ሺህ በላይ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶው ብቻ ነበሩ። አባቷ ውጤቷን ሲሰማ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ቡና አስፈላ። ኢንጂነሪንግ ትገባለች፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቤቷ እያደረች ትማራለች ብሎ ነበር። እሷ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ካልሆነ አልማርም አለች። ስዕል ልትማር ነው።

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እናቷ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። ከእሷ በታች ሦስት ልጆች አሉ። ሀብታም አይደሉም፣ ጦማቸውንም አያድሩም።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ለስዕል ዲግሪ አራት ዓመትና የቤተሰብ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል ወይ? ደግሞስ ሕዝብ ግብር እየከፈለ መንግሥት ሠዓሊ ማስተማሩ ልክ ነው ወይ? ስድብ ይቅር። ልጅቷም ታነበዋለች።

የባንክ ሰው፦
ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ አያዋጣም ነው። ልጅቷን ላስከፋ ብዬ አይደለም፤ ሒሳቡ አልመጣልኝም።

ሰው ወጪ ሲባል የትምህርት ክፍያ ብቻ ይመስለዋል። መንግሥት ከሸፈነላት እሱ ብዙም አያስፈራም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት አሠራር አለ። የምግቧንና የመኝታዋን ሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ እየተቆረጠ ትመልሳለች። ይህ ኢንጂነሪንግ ብትገባም ያው ነው። ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል። መንግሥት ካልሸፈነላት ከፍላ ነው የምትማረው። ያኔ ሹፌሩ አባት ነው የሚከፍለው።

ከዚያ ቀለሙ ይመጣል። የሒሳብ ሥራ ተማሪ ደብተርና ካልኩሌተር ካለው ዓመቱን ይጨርሳል። የስዕል ተማሪ ግን ዕቃ ትበላለች። የዘይት ቀለሙ፣ አክሪሊኩ፣ ደህናው ብሩሽ፣ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ለናንተ አልነግራችሁም።

ገቢውንስ? ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ ለሚቀጠር ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ጥሩ። ግን የቱ መሥሪያ ቤት ነው ሠዓሊ የሚቀጥረው? የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አካውንታንት አያለሁ፣ ነርስ አያለሁ፣ ሲቪል መሐንዲስ አያለሁ። ሠዓሊ አላየሁም።

የሰኞ ገበያ እናት፦
እኔ ስለ ገንዘቡ አላውቅም። የማውቀው ልጅ ሳትፈልገው የገባችበትን ትምህርት አትጨርሰውም። የጎረቤቴ ልጅ በአባቱ ግፊት ገብቶ በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ መጣ። እሱስ ኪሳራ አይደለም?

ቧንቧ ውሃ፦
ጋሼ የባንኩ፣ ሥራው መሥሪያ ቤት ውስጥ ስላልሆነ ነው ያላዩት። ከተማው ውስጥ ነው ያለው።

እኔ ማስታወቂያ ሠሪ ነኝ። በፊት የሱቁን ስም፣ የጭነት መኪና ኋላ ላይ የሚጻፈውን ጥቅስ፣ የምግብ ቤቱን ግድግዳ፣ ሁሉንም በብሩሽ ነበር የምንሠራው። የባነር ማተሚያ ማሽን መጣና የጽሑፉን ሥራ ጠቅልሎ ወሰደው። ብዙ ጓደኞቼ ሙያውን ትተው ባጃጅ ያዙ። እኔ ኮምፒውተር ተማርኩና ቀጠልኩ። ዛሬ እንጀራ የሚያበላኝ ሎጎ፣ የማሸጊያ ዲዛይን፣ የመኪና ስቲከር፣ የሙአለ ሕፃናት ግድግዳና የካፌ ግድግዳ ነው። ማሽን ጽሑፍ ያትማል እንጂ ካፌው ግድግዳ ላይ የጦሳን ተራራ ወጥቶ አይስልም።

ይህን ብልም በዋናው ነገር ከጋሼ ጋር ነኝ። ዲግሪው አያስፈልግም። እኔ ጋ ሥራ ፍለጋ ለመጣ ልጅ ወረቀት አሳየኝ አልለውም። “ሐመሩ ሐ”ን በእርሳስ ጻፍልኝ እለዋለሁ። የእግሮቹን ውፍረት፣ መሐል ያለውን ክፍተት፣ መስመር ላይ አቀማመጡን አያለሁ። ያቺ አንዲት ፊደል ትበቃኛለች። ዓይን ያለው ልጅ ክፍተቶቹን ያስተካክላል፤ ዓይን የሌለው ጥቁሩን ብቻ ያያል። ስለዚህ ልጅቷ ስድስት ወር ግራፊክስ ትማር፣ ሰው ጋ ተለማምዳ ትውጣ። አራት ዓመት ምን ያደርግላታል?

ተመራቂው፦
ወንድሜ ቧንቧ ውሃ፣ ስለ “ሐ” የተናገርከው እውነት ነው። ስለ አራቱ ዓመት ግን አልስማማም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ እዚያው ትምህርት ቤት ተምሬ ነው የወጣሁት። እዚህ ያለን ሰዎች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ስለማናውቅ በግምት ነው የምንከራከረው።

ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም ራሳቸው አሜሪካ ቺካጎ ነበር የተማሩት። ለመግባት የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ የተግባር ፈተና አለ። ወረቀትና እርሳስ ይዘህ ትቀመጣለህ፣ ፊትህ የተቀመጠውን ትስላለህ። ስለዚህ አጎቷ ሆይ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህን ፈተና ታልፋለች ወይ የሚለው ነው። ፎቶ አይቶ መገልበጥና ሕይወት ያለውን ነገር አይቶ መሳል ለየቅል ናቸው። በልጅነታችን “ጎበዝ ሠዓሊ” ይሉን የነበረው ፎቶ ስለምንገለብጥ ነው።

ከገባህ በኋላ ሰው ፊትህ ተቀምጦ ለሰዓታት ትስላለህ። አጥንትና ጡንቻ የት እንደሚገናኙ ትማራለህ። ሕትመት ትሠራለህ፣ ሸክላ ታቦካለህ፣ ከዚያ ሥራህን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ አስተማሪህና ጓደኞችህ ፊት ለፊትህ ይተቹታል። በብዛት የሚያሳድገው ይኸኛው ነው። እጅ ብቻውን ያለ ተቺ ሲቀር ሃያ ዓመት ሙሉ ያንኑ ፊት ይደጋግማል። በየከተማው ያሉትን የሆቴል ስዕሎች ተመልከቱ፤ ያቺው ጀበና፣ ያቺው ሹሩባ።

ስለ ዕቃው ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው፤ ውድ ነው። ተማሪ ግን መላ አያጣም። ተወጥሮ የተዘጋጀ ሸራ አንገዛም ነበር። አቡጀዲ ከሸማ ተራ ገዝተን፣ የእንጨት ፍሬም አናጢ ጋ አስመትተን እንወጥረዋለን። የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥነን እንቀባዋለን። ያኔ ጨርቁ እንደ ከበሮ ግጥም ይላል። ሲደርቅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለቴ ደርበን በብርጭቆ ወረቀት እናለሰልሰዋለን። ኮላው ከበዛ ስዕሉ ከርሞ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ ዘይቱ ጨርቁን ይበላዋል። የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ አብዛኛው እርሳስና ከሰል ነው፤ ወጪው ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።

ገቢውንም ልናገር፣ ልደብቅ አልፈልግም። ደሴ ላይ ሸራ ገዝቶ ሳሎኑ የሚሰቅል ሰው ጥቂት ነው። ገዢው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ከዚያም ውጭ አገር። ጋለሪ ከሸጠልህ ድርሻ ይወስዳል፤ እስከ ግማሽ የሚደርስበት ጊዜ አለ። እኔ የምኖረው ቅዳሜና እሑድ ልጆች በማስተማር፣ ግድግዳ በመሥራትና አልፎ አልፎ በሚሸጥ ሸራ ነው። አንድ ወር ደህና ይገባል፣ ሁለት ወር ምንም የለም። ይህን የማይችል ሰው አይግባበት።

የባንክ ሰው፦
ልጄ፣ እውነቱን ስለተናገርክ አመሰግንሃለሁ። ግን እኮ የኔን ክርክር ነው ያጠናከርክልኝ። “አንድ ወር ይገባል፣ ሁለት ወር የለም” ብለህ ለሦስት ታናናሾች እህት ምን ትመክራለህ?

ተመራቂው፦
ጋሼ፣ በደህናው ወር ገንዘብ ማስቀመጥ ትልመድ እላታለሁ። ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም፤ ማስተማር ነበረባቸው።

የቦርከና ልጅ፦
እኔ ደግሞ “አስተማማኝ” ከሚባለው ወገን ነኝ። ጋርመንት ኢንጂነሪንግ ነው የተመረቅኩት። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ከተማው ሁሉ ሥራ መጣ ብሎ ነበር፤ እኔም ትምህርቴን የመረጥኩት ያንን ተስፋ አድርጌ ነው። ገባሁ፣ ሠራሁ፣ ደመወዜም መጥፎ አልነበረም። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማችን ገባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 መሆኑ ነው፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ሰረዘች። ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጫነበት። ትእዛዝ ቀረ። እኔም ከሥራ ቀረሁ።

ጋሼ፣ አንቱ የሠሩት ሒሳብ ውስጥ ኢንጂነሪንግ ሁልጊዜ ሥራ ያለው ሆኖ ነው የገባው። የኔ ዲግሪ በሁለት ወር ውስጥ ከአስተማማኝነት ወጣ፤ ጥፋቱም የኔ አልነበረም። ስዕል አደጋ አለው ካልን የሌላውንም አደጋ አብረን እንቁጠር።

አሁን ሁለት የስፌት መኪና ይዤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የባህል ልብስ አሰፋለሁ። ስፌት የሚችል አላጣሁም። ያጣሁት አዲስ ጥለት የሚያወጣልኝ ሰው ነው። ደንበኛ ስልኳን ታወጣና “እንዲህ ዓይነት” ብላ የሌላ ሰው ሥራ ታሳየኛለች። የራሴ የምለው ዲዛይን የለኝም። የምትስል ልጅ ባገኝ በሥራው ልክ እከፍላለሁ።

የባንክ ሰው፦
ተቀብያለሁ፣ ኢንጂነሪንግም አደጋ አለው። ግን አንተ ሥራው ሲጠፋ መኪና ይዘህ ተቀመጥክ፤ ሙያህ ሌላ በር ከፈተልህ። የስዕል በሮች ስንት ናቸው? እሱን ቁጠሩልኝ።

መምህርት ከሆጤ፦
አንዱን በር እኔ ልቁጠርልዎ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት “የክወናና የዕይታ ጥበባት” የሚባል ትምህርት አለው። ልጆቻችን መጽሐፉን ይዘው ነው የሚሄዱት። ታዲያ ማን ነው የሚያስተምረው? እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ የጎደለው መምህር ይሰጠዋል። አንድ ዓመት የአማርኛ መምህር፣ በቀጣዩ ዓመት የስፖርት መምህር። ሁለቱም ትጉ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ብርሃንና ጥላ ግን አልተማሩም። ስለዚህ ልጆቹ ምዕራፉን ያነባሉ፣ ምንም ሳይስሉ ያልፋሉ። ሥነ ጥበብ የተማረ ሰው ቢመጣ በሰፊው ሥራ አለው። በጀቱ ይመደብ የሚለው ሌላ ትግል ነው፤ የምንታገለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ማንም አልመለሰም፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚለው ላይ። እኔ ልክ ነው እላለሁ። ከደሴ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሂዱ። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው ባለ ሥዕል መጽሐፍ የተጻፈው እ.ኤ.አ. 1280 አካባቢ ነው። የወሎ መሳጂዶችና ዛዊያዎች ውስጥ ደግሞ በእጅ የተጻፉ፣ ጠርዛቸው በቀለም ያጌጠ ኪታቦች አሉ። ይህን ሁሉ የሠሩት ሰዎች ገዳም ወይም ሼህ ጋ ተቀምጠው እየበሉ ነው የተማሩት። ማኅበረሰቡ ነው ያስተማራቸው። ዛሬ ያንን ቦታ መንግሥት ካልያዘው ማን ይይዘዋል?

ደግሞ አስታውሱ፣ በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የተጎዳውን የሚጠግን፣ የተረፈውን በወጉ የሚያሳይ፣ የጠፋውን ከፎቶና ከሰው ቃል ስሎ የሚያስቀር ሰው ያስፈልገናል። ይህን የጠፋ ነገር ሲኖርብን ነው የምናውቀው።

ቧንቧ ውሃ፦
መምህርት፣ ልቤን ነካሽው። ግን ሙዚየም ስንት ሰው ይቀጥራል?

መምህርት ከሆጤ፦
ጥቂት። እኔም ብዙ ነው አላልኩም። ግን በያመቱ የሚመረቁት ሠዓሊዎችም ጥቂት ናቸው። ከኢንጂነሮቹ ጋር አታወዳድራቸው።

የሳላይሽ አጎት፦
አባቷ አጠገቤ ሆኖ እያነበበ ነው። “ሎሬት አፈወርቅ አንድ ናቸው፣ ሁሉም አፈወርቅ አይሆንም” ይላል።

ተመራቂው፦
ሰላም ይበሉልኝ። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ነገር ለሱ ቤት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ ሲላኩ የማዕድን ምህንድስና ይማራሉ ተብሎ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩና በኋላ ለንደን ስሌድ ትምህርት ቤት ገቡ። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የመስታወት ሥራቸው 150 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ያኔም “ኢንጂነር ይሁን” የሚል ሰው ነበር ማለቴ ነው።

የባንክ ሰው፦
አፈወርቅን የላኳቸው ጃንሆይ ናቸው። ቢከስሩ ቤተ መንግሥቱ ነበር የሚከስረው። እዚህ የሚከስረው አንድ ሹፌር ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታንም አንሱ ካላችሁ፣ ጀርመን ኮሎኝ የተማሩ፣ ዘመናዊ ስዕልን ካስገቡልን ግንባር ቀደሞች አንዱ ናቸው። መጨረሻቸው ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ኦክላሆማ አረፉ። ዛሬ በስማቸው ማዕከል አለ። በሕይወታቸው ሳሉ ነበር የሚያስፈልጋቸው። ታላላቆቹን እየጠራን ልጅ አንሸኝ።

መምህርት ከሆጤ፦
ይሄ ልክ ነው፣ ጋሼ። እኔ ብሆን ለአባቷ ሌላ ሰው ነው የምጠራለት። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የወልድያ ተወላጅ ናቸው፤ የኛው የወሎ ሰው። በዚያው ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። በየገበያው የሚቆሙ ነጋዴ ሴቶችን የሚያሳዩት ስዕሎቻቸው ለንደን ድረስ ታይተዋል። ካስተማሯቸው ልጆች አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ጣሊያን አገር ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ድንኳን ሲኖራት የወከላት ሠዓሊ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ቬኒሱ ብቻ አይደለም። መምህሩ እያስተማሩ መሳላቸው ነው። ደመወዙ ማስተማሩ ላይ፣ ልቡ ስዕሉ ላይ። ለሹፌር ልጅ የሚሆን መንገድ ይህ ይመስለኛል።

እህታችሁ ከሜሪላንድ፦
የደሴ ልጆች እንደምን ናችሁ። ሰዓቱ ለኔ ሌሊት ነው፤ ግን ዝም ብል ያስጠይቀኛል። በየዓመቱ ከአገር ቤት “አሜሪካ የአርት ኮሌጅ ተቀበለኝ፣ ስፖንሰር ሁኚኝ” የሚል ልጅ ይደውልልኛል። ይህችም ልጅ ነገ ይህን ሐሳብ ታመጣ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ያለውን ስሙ።

ተቀባይነት አገኘሁ ማለት ገንዘብ አገኘሁ ማለት አይደለም። ስም ያላቸው የግል የሥነ ጥበብ ኮሌጆች የትምህርት ክፍያቸው ብቻ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር የሚያልፍ አለ። መኝታ፣ ምግብና ዕቃ ሳይጨመር። የአገሬው ልጅ በብድር ይማራል፣ ከዚያ ለዓመታት ይከፍላል። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸውም አልተረጋጉም። ሳንፍራንሲስኮ አርት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1871 የተከፈተ ነበር፤ በ2022 ዘጋ። ፊላደልፊያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ አርትስ በ2024 የሳምንት ጊዜ ብቻ ሰጥቶ በሩን ዘጋ። ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ።

የዲግሪው ዓይነትም ይለያያል። አንደኛው ከትምህርቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ስቱዲዮ ውስጥ የሚያልፍበት፣ ቢ.ኤፍ.ኤ. የሚሉት ነው። ሌላው ሲሶው ገደማ ስቱዲዮ ሆኖ ቀሪው ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ሒሳብ የሆነ ቢ.ኤ. ነው። ልጄ ሁለተኛውን ነው የወሰደው። ሁለት ዓመት ርካሹ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ተማረ፣ ከዚያ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ዕዳ አለበት፤ ግን የሚቻል ዕዳ ነው። አሁን ሙዚየም ውስጥ ስዕል ያሽጋል፣ ያጓጉዛል፣ ይሰቅላል። ማታ ይስላል። ይኼ ሥራ መኖሩን እንኳን ከመማሩ በፊት አናውቅም ነበር።

ደግሞ ጋሼ የባንኩ ቁጥር ስለሚወዱ አንድ ልጨምርላቸው። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መረጃ አዲስ ተመራቂዎች ላይ የሥነ ጥበብ ሥራ አጥነት 7 በመቶ፣ የኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ 7.5 በመቶ ነበር። ደመወዙ ግን እኩል አይደለም፣ ኮምፒውተሩ በብዙ ይበልጣል። ሁለቱንም ያዙልኝ።

የባንክ ሰው፦
እህቴ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ያዝኩት። ግን ያ አሜሪካ ነው፤ እዚያ ሙዚየም በየሰፈሩ አለ።

የቦርከና ልጅ፦
እህታለም፣ በጣም አመሰግናለሁ። “ይኼ ሥራ መኖሩን አናውቅም ነበር” ያልሽው ላይ ልጨምር። እኛም የሠዓሊን ሥራ ሸራ ሸጦ መኖር ብቻ አድርገን ስለምናስብ ነው የሚጨልምብን። ጥለት፣ የማሸጊያ ሳጥን፣ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል፣ የፊልም መድረክ፣ የሠርግ ዲኮር፣ የቪዲዮ አኒሜሽን፤ እነዚህ ሁሉ የሚስል እጅ ይፈልጋሉ።

የሰኞ ገበያ እናት፦
ሁላችሁም ስለ ሥራ ታወራላችሁ። እኔ የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ ሲዘጋ ልጅ የት ትደር? እናቷ እንቅልፍ የላትም፣ እሱንም አስቡ።

የሳላይሽ አጎት፦
እትዬ፣ እውነት ነው። እህቴ ከገንዘቡ ይልቅ በዚህ ነው የምታለቅሰው። ዘመድ አዲስ አበባ አለን፤ ዕረፍት ዕረፍቱን እዚያ ታሳልፋለች ብለናል። ከዚያ ያለውን አላህ ያግራው።

አሁን እኔ የገባኝን ልናገር። ቅድም እዚህ ስመጣ ለእሷ ወግኜ ነበር የመጣሁት። አሁንም ወግኛለሁ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። የተግባር ፈተናውን አልፋ መንግሥት ከሸፈነላት ትሂድ፤ አባቷ የኪስና የዕቃ ይርዳት። ካልተሸፈነላት ግን መኪናው ተሽጦ አትማርም። ለሥዕል ብቻ አይደለም፣ ለሕክምናም ቢሆን ያ መኪና አይሸጥም፤ የስድስት ሰው እንጀራ ነው። ያኔ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ የመሰለ የሙያ ትምህርት ቤት፣ ወይም ቧንቧ ውሃ እንዳለው ግራፊክስ ይታያል።

ቧንቧ ውሃ፦
በዚህስ ተስማማሁ። ክረምት ክረምት ደግሞ እኔ ጋ ትምጣ። ትምህርት ቤት የማያሳዩዋትን እኔ አሳያታለሁ፣ ተምራ የመጣችውን እሷ ታሳየኛለች። በነፃ አላሠራትም። የግድግዳ ሥራ ስንይዝ የቀን ሒሳቧን እንደማንኛውም ሠራተኛ ትወስዳለች።

ተመራቂው፦
ለተግባር ፈተናው እኔ አዘጋጃታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች የማስተምርበት ክፍል ትምጣ። ፎቶ የገለበጠችውን አታምጣ። የእናቷን የበርበሬ ጆንያ፣ የታናሽ ወንድሟን እጅ፣ ከፊቷ ያለውን ነገር አይታ የሳለችውን ይዛ ትምጣ።

መምህርት ከሆጤ፦
እኔ ደግሞ የማስተማሩን በር ከአሁኑ ትያዘው እላለሁ። እዚያ ስትደርስ የሥነ ጥበብ መምህርነት የሚያስመርጣት ከሆነ አትናቀው።

የባንክ ሰው፦
እኔ አሁንም አልተስማማሁም። አጎትየው ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ግን የኔን ስጋት ግማሹን አቃልሎታል፤ መኪናው አይሸጥም ማለቱን ወድጄዋለሁ። የቀረው ግማሽ ይኸውላችሁ። የተግባር ፈተናውን ብትወድቅስ? ልጆች የመጀመሪያ ምርጫቸውን ብቻ እያዩ ከታች ያለውን በግዴለሽነት ይሞሉታል። ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫዋ ላይ ምን እንዳለ ዛሬ ማታ ከአባቷ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት። ኮምቦልቻ ያለው ጨርቃ ጨርቅና ጋርመንት እዚያ ውስጥ ይግባ። የሚስል እጅ ላላት ልጅ እሱም ባዶ አይደለም፤ የቦርከናው ልጅ ጥለት የሚያወጣ ሰው አጣሁ ብሎ የለ።

የሳላይሽ አጎት፦
ጋሼ፣ ይህን አባቷ ጮክ ብሎ አነበበው። ሦስተኛው ምርጫ ባዶ ነው ያለው። ልንሞላው ነው።